ሰዓት የሚጽፍ እስክሪብቶ

ስርጉት ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ የተዛወረችው በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ በቸልተኝነት የሰው ነፍስ አጠፋሽ ተብላ ነው።

የምትሠራው ከከተማው ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ሙላቴ የሚባል መምህር ሲያስለው ከርሞ የአክታ ምርመራ አደረገ። መዝገቡ ላይ «ኔጌቲቭ» ተጻፈለት፤ መርማሪው በሚፈርምበት ቦታ ደግሞ «ስ» የምትል ፊደል ሰፈረች። ሙላቴ መድኃኒት ሳይጀምር በሦስተኛው ወር ሞተ። ሳንባውን የጨረሰው ቲቢ እንደሆነ የታወቀው ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ነበር።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ስርጉት ያን ቀን ሌላ ክፍል ደም ስትቀዳ እንደዋለች፣ አክታ የተቀባባቸውን ስላይዶች የያዙት የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ አያሌው እንደነበሩ ተናገረች።

አያሌው ራሱን ነቀነቀ። «ልጅቷ ደንግጣ ነው፤ አትጨክኑባት» አለ።

የቀበራት ይህ ደግነቱ ነበር። አንዲት ፊደል የማን እጅ እንደጻፋት ማን ይለያል? ወደ አንበሳሜ ከመሄዷ በፊት የሙላቴ እናት ገበያ መሀል አስቁመው «ልጄ ምን በድሎሽ ነው?» አሏት።

አንበሳሜ አራት ዓመት ቆየች። የንስሐ አባቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይቅር እንድትል መከሯት። እሺ ትላቸዋለች። ቤቷ ስትገባ ግን በሐሳቧ አያሌውን ከዚያው ኮሚቴ ፊት አቁማ ስትጠይቀው ታመሻለች። የምትጠይቀውን ቃል በቃል ታውቀዋለች። የእሱን መልስ ብቻ ነው የማታውቀው።

በአራተኛው ዓመት አዲሱ እስክሪብቶ መጣ። ሲያዩት ወፈር ያለ ተራ እስክሪብቶ ነው፤ ወረቀት ላይ በቀለም ይጽፋል። ጫፉ ላይ ግን ትንሽ ካሜራ አለችው። ጥቃቅን ነጠብጣብ በታተመበት መዝገብ ላይ ሲጽፉበት እያንዳንዱን ጭረት ይይዛል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት የጻፉትን ሁሉ ይዘረግፋል። ለእያንዳንዱ ባለሙያ በስሙ አንድ አንድ ተሰጠ። ስርጉት ባሕር ዳር ሠልጥና የአካባቢው አስተባባሪ ሆነች፤ ከምታስተምርባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱ የቀድሞው መሥሪያ ቤቷ ነበር።

አያሌው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት። ሸብቷል።

«ያለፈው አለፈ አይደል፣ ልጄ?»

«ምን ቂም አለ ጋሼ» አለችው፤ ጎንበስ ብላም ጨበጠችው።

ሥልጠናውን ሰጠች። እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚሰካ አሳየች። እስክሪብቶው ጭረቱን ብቻ ሳይሆን ጭረቱ የተጻፈበትን ሰዓትም እንደሚይዝ የሚገልጽ ገጽ ነበር። እሱን ዘለለችው።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የአያሌውን እስክሪብቶ ሰክታ አየች። ማክሰኞ ጠዋት የሃያ ስምንት ሰው ውጤት ጽፏል፤ ከሦስት ሰዓት ከአሥር እስከ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት። ሁሉም ኔጌቲቭ። አንድ ስላይድ በደንብ ለማየት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ውጤቱም የሚጻፈው እያንዳንዱ እንደታየ ነው። አያሌው ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኑን እንኳ አላሳረፈም።

ሰዓቱን ደግማ ደጋግማ አነበበች። የተሰማት ደስታ ነበር።

በማግስቱ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ መንገር ትችል ነበር። ግን አንድ ሳምንት ቢሆን ስህተት ነው ይባላል፤ ሰውየው ደክሞት ነው፣ ለመሣሪያው አዲስ ሆኖ ነው ይባላል። ያኔ እሷን ያመናት አልነበረም። አሁን ማንም የማያስተባብለው ነገር ፈለገች። ስለዚህ ዝም አለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ከእነዚህ መሀል በሽተኛ ቢኖርስ?» የሚል ሐሳብ መጣባት። ትንሽ ቀን ነው አለች ለራሷ። አምስት ሳምንት ጠበቀች።

ከዚያ ኮሚቴው እንዲሰበሰብ ጠየቀች። ሰብሳቢዋ ያኔም የፈረደችባት እቴነሽ ነበረች። ስርጉት የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የአያሌው የእጅ ጽሑፍ።

«መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል» አለ አያሌው።

«ስላይዶቹ ሣጥን ውስጥ አሉ» አለች ስርጉት። «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ሌላ ባለሙያ አይቷቸዋል። በአምስቱ ሳምንት ኔጌቲቭ ከተባሉት መቶ አርባ ስላይዶች ስድስቱ ፖዘቲቭ ናቸው።»

አያሌው መነጽሩን አወለቀ።

«ዓይኔ ነው» አለ። «ትንሽ ካየሁበት ይጨልምብኛል። ስድስት ዓመት ሆነው። ለጡረታ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።»

«ያኔ የእኔን ፊደል ለምን ጻፉ?»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ጋሼ አያሌው፣ የእኔን ፊደል ለምን ጻፉ?»

«አንቺ ወጣት ነሽ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ወድቀሽም ትነሺያለሽ ብዬ ነው።»

አራት ዓመት የጠበቀችው መልስ ይህ ነበር። ታዝንለት እንደሆን ልቧን ፈተሸችው፤ አላዘነችም። እቴነሽ ቃለ ጉባኤው ላይ የስርጉት ስም ከሙላቴ ሞት ነጻ መሆኑ እንዲጻፍ አዘዘች። አያሌው ያንኑ ቀን ቁልፍ አስረከበ፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ ተመራ። ሲወጣ ስርጉት በሩ አጠገብ ቆማ እስኪያልፍ አየችው። መንገድ አልለቀቀችለትም፤ ጎኑን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው ያለፈው።

ስድስቱ በሽተኞች መፈለግ ነበረባቸው። አምስቱ በስልክ ተገኙ። ስድስተኛዋ ውዴ የምትባል የጋፋት ገበሬ ነበረች፤ ስልክ የላትም። ስላይዷ የመጀመሪያው ሳምንት፣ የዚያ ማክሰኞ ነበር። ስርጉት ራሷ ሄደች። ባጃጁ ካወረዳት በኋላ በእግር መንገዱ የገብሱን ማሳ አቋርጣ ስትደርስ ውዴ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። አንገቷ ቀጥኗል። ጭኗ ላይ የስምንት ወር ሕፃን ያስለዋል።

«በሽታ የለብሽም ብላችሁኝ አልነበር?» አለች ውዴ።

«ስህተት ነበር፤ ተነሽ እንሂድ።»

«መቼ አወቃችሁ?»

«ትናንት» አለች ስርጉት።

እናትም ልጅም መድኃኒት ጀመሩ። ስርጉት የአያሌውን ወንበር ያዘች። ውዴ ለክትትል በመጣች ቁጥር አራት አምስት እንቁላል በጭድ ጠቅልላ ታመጣላታለች። ስርጉት ትቀበልና ውዴ ስትወጣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ትሰጣለች። ሕፃኑ ድኖ መዳህ ጀመረ፤ ግን ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል፤ ሐኪሙ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ይችላል ብሏል።

በስድስተኛው ወር የውዴ አክታ ንጹሕ ሆነ።

«እህቴ፣ አንቺ ባትመጪልኝ አፈር በልቼ ነበር» አለቻት።

ስርጉት መቻል አቃታት። «ውዴ፣ ሰውየው ስላይድ እንደማያይ ያወቅሁት ትናንት አልነበረም። ቤትሽ ስመጣ አምስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ማምለጫ እንዳያገኝ ብዬ ጠበቅሁ። ቂም ነበረኝ።»

ውዴ ልጁን ከወለሉ አንስታ አዘለችው፤ አንቀልባውንም አጠበቀች።

«ታዲያ ያዝሽው?»

«ያዝሁት።»

«እንኳን ቀናሽ» አለች ውዴ፤ ደህና ዋይ ሳትላት ወጣች።