ሁለት ድምፅ የነበረው ሰው

«ኧረ አበድሽ እንዴ? የሕያው ሰው ስም ያለበት ወረቀት ለሙት ይላካል? በቁምሽ ልትከተዪው ነው?» ጎረቤታቸው እትዬ ፉንግ የላይ-ሲምን እጅ ከእሳቱ ላይ መነጨቀች።

ከሕንፃው ሥር፣ ዝናቡ በማይደርስበት ጥግ፣ የቆርቆሮው በርሜል ይነድዳል። ለሟቹ የወረቀት ቤትና የወረቀት ጫማ አቃጥለው ልከውለታል፤ የተቃጠለው ሙት ዘንድ ይደርሳል ይባላል። የወረቀት ካውያም ነበረበት።

«ካውያው ደግሞ ምን ሊሆነው? እዚያም ሊያሠሩት?» አለች እትዬ ፉንግ። የላይ-ሲም እናት በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ልብስ ተኳሹ ቶንግ ሆይ-ሳንግ ከሞተ ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ነፍሱ ቤቷን ልትሰናበት የምትመጣው ዛሬ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ሆንግ ኮንግ ከእንግሊዝ ወደ ቻይና ትዞራለች፤ እሱ የመረጠው ምክር ቤትም አብሮ ይፈርሳል።

ላይ-ሲም የያዘችው ወረቀት የምርጫ መጥሪያዋ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመስከረም፣ ሠራተኛው ሁሉ ከሰፈሩ ድምፅ ሌላ በሙያው የሚሰጠው ድምፅ ተጨመረለት። ሠላሳ ዓመት የሰው ኮሌታ ሲተኩስ የኖረው አባቷ በዚያ እሑድ ጠዋት የራሱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

«ሁለት ድምፅ ላለው ሰው አንዴ አይበቃም። ነይ አብረን እንሂድ» አላት።

«ይቅደሙ አባባ፣ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ገባች። ማታ «መረጥሽ?» ሲላት «መረጥኩ» አለችው። በሆዷ፣ ለሚቀጥለው እሄዳለሁ ብላ ነበር።

«ዋሽቼዋለሁ» አለች አሁን፣ በርሜሉን እያየች። «አልመረጥኩም እማዬ። ወረቀቱ ሲደርሰው ይወቀው ብዬ ነው።»

እትዬ ፉንግ አፏን ያዘች። «ለኔማ በሊፍቱ ውስጥ ሦስቴ ነግሮኛል! ‹ልጄም ጭምር መርጣለች› እያለ።»

እናትየው እሳቱን በብረት ቆሰቆሰች። «ያውቅ ነበር። መርጦ፣ ሻይ ቤት ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ሲኒማው በር ላይ ተሰልፈሽ አይቶሻል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?»

«‹አሁን ባሳፍራት ጭራሽ ትቀራለች፤ በሚቀጥለው አብረን እንሄዳለን› አለኝ።»

ከላይ ከአንዱ መስኮት ሬዲዮ ይሰማል፤ ሕዝብ ያልመረጣቸው አዲሶቹ የምክር ቤት አባላት ዛሬውኑ ሌሊት ቃለ መሐላ እንደሚፈጽሙ ይናገራል።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለች ላይ-ሲም።

«ለልብስ ተኳሽ? የሙያው ድምፅ ዛሬ ማታ ከምክር ቤቱ ጋር ያበቃል» አለች እትዬ ፉንግ።

የቡድሃው መነኩሴ ለነፍሱ መምጫ ያሰሉት ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ ሩዝና ሻይ ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። እናትየው መኝታ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ አንሶላውን እስከ ራሷ ሳበችው።

«በሩን ዝጊ። እሱ እኛን ካየ እግሩ አልነሣ ይለዋል። ያሳዝናል፣ አታስቀሪው።»

ላይ-ሲም በሩን ገፋችው። ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ተወችው። ከዚያም ክፍተቱ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሳሎን የገባ ሁሉ ፊቷን እንዲያይ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰችው።