የካሳዬ ስም አወጣጥ

ለሚመለከተው ሁሉ እንዲታወቅ ይሁን፦ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር የመጨረሻ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቶሮንቶ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ ያለ አንድ ፎቅ የተበላሸው ሊፍቱ ተሠራለት።

ለሌላው ሰው ሊፍት ነው። ለጠጂቱ ግን ልጇ ምሥራቅ ከስካርቦሮ ላለመምጣት የቀራት የመጨረሻው ምክንያት ነበር። የምሥራቅ ሕፃን በኅዳር ሲወለድ ምክንያቱ በረዶው ነበረ፤ ከበረዶው በኋላ የመኪናው ባትሪ፤ ከባትሪው በኋላ ሊፍቱ። ሕፃን ታቅፎ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ መውጣት የማይሆን ነገር ነው፤ ይህን ጠጂቱም አትክድም። እሷ ራሷ አምስት ሳምንት ሙሉ ለአንድ ዳቦ ስትወርድና ስትወጣ፣ ጉልበቷ በየፎቁ ሲሰድባት ሰንብቷል።

አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ባሮነስ ቴክላ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴትዮ ልትረዳ ተቀጥራ ነው። ባሮነሷ ከባልቲክ ባሕር ዳር ናቸው፤ ርስታቸውን ጦርነት በልቶታል። እዚህ ፎቅ የገቡት ለጊዜው ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሆናቸው። ስማቸው ዘጠኝ ነው። ጠጂቱ መድኃኒት ቤት ስትደውል ሁለቱን ብቻ ትሰጣለች፤ ሌላውን ኮምፒውተሩ አይቀበልም።

ሐሙስ ዕለት፣ እግራቸውን ስታሽላቸው፣ ባሮነሷ ሥርዓቱን እንደገና አስረዷት።

«በእኛ ቤት የበኩር ወንድ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል። የክርስትና አባቶቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይጨምሩለታል። ከሁሉ በፊት ግን ለቤቱ ታላቅ ደብዳቤ ተጽፎ ፈቃድ ይጠየቃል። ታላቋ እኔ ነኝ።»

«ይጽፉልዎታል?»

«ኦቶ፣ ሃምቡርግ ያለው የወንድሜ ልጅ፣ እኔን ሳይጠይቅ ስም አያወጣም። ሦስት ልጆች አሉት።»

ፖስታ ሳጥኑን የምትከፍተው ጠጂቱ ናት። በአራት ዓመት ውስጥ ከሃምቡርግ የመጣ ነገር አላየችም። ፖስታ ግን ይጠፋል፤ ያጋጥማል። እንዲህ ብላ ሌላኛውን እግር አነሣች።

«የእናንተስ እንዴት ነው?»

«እኛ አንድ ስም ይበቃናል። የአባትየው ራሱ ተከትሎ ይመጣል።»

«አንድ ስም ብቻ? ምስኪን! ብርድ አይመታውም?»

«እኔ ነኝ የማወጣለት» አለች ጠጂቱ። «ልጄ ብላኛለች።»

ብላለች፤ ውሸት አይደለም። ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ከምጥ በኋላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «እሺ እማዬ፣ አንቺ ታወጪለታለሽ» ብላለች። ለምሥራቅ ሰውን ዝም ለማሰኘት የተባለ ነገር ነበር፤ ለጠጂቱ አዋጅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ልጁ በስልክ «ቤቢ» ነው። ቤቢ ተኛ። ቤቢ ጥርስ ሊያወጣ ነው። ቤቢ ክትባት ወሰደ። ነርሷ ካርዱ ላይ ምን ብላ እንደጻፈች ጠጂቱ አልጠየቀችም። አለመጠየቅም አንድ እውቀት ነው።

ስሙን ከመረጠች ቆይታለች፦ ካሳዬ። የምሥራቅ ታላቅ ወንድም ሰብስቤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በዚያው የቀረ ጊዜ፣ ይህ ስም ወደ አፏ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ለማንም ሳትሰጠው ይዛው ኖረች። የጎረቤት ነፍሰ ጡር ስም አማክሪኝ ስትላት እንኳ ሌላ ሌላውን ነበር የምትጠራላት።

ቅዳሜ ለስምንት ሰዓት የተጠሩት እንግዶች ዘጠኝ ተኩል ደረሱ። የምሥራቅ ባል ዮናታን ፓርኪንግ ፍለጋ ታች ቀርቷል። ፍለጋው ጉብኝቱ እስኪያልቅ እንደሚፈጅበት ሁሉም ያወቀ ይመስላል።

«ብዙ አንቆይም እማዬ» አለች ምሥራቅ ገና ከበሩ።

«ሊፍቱ ተሠራ አይደል?»

«አዎ... ተሠራ» አለች ምሥራቅ፣ መርዶ እንደሚቀበል ሰው።

ጠጂቱ ልጁን ተቀብላ አንገቱን አሸተተችው። ከብዷል፤ አራት ወር ተኩል ያለ እሷ ከብዷል። የሕፃኑ እህት፣ የአምስት ዓመቷ ማያ፣ ባሮነሷ ፊት ቆማ የዕንቁ ሐብላቸውን አፍጥጣ ታያለች።

«ፕሪንሰስ ነሽ?» አለቻቸው በእንግሊዝኛዋ።

«ባሮነስ። ልዩነት አለው።»

«ቤተ መንግሥት አለሽ?»

«ነበረኝ። አሁን በረንዳ አለኝ።»

ከዚያ ባሮነሷ ከመኝታ ክፍላቸው በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። ሲፈታ በቆዳ የተለበደ መዝገብ ሆነ። ጠጂቱ አራት ዓመት ያንን ክፍል ስትጠርግ አይታው አታውቅም።

«በዚህ ላይ የቤታችን ልጅ ያልሆነ ተጽፎ አያውቅም» አሉ። «ዛሬ ይጻፋል።»

ገልጠው ገልጠው መጨረሻው ላይ ደረሱ። ጠጂቱ ሕፃኑን ይዛ ከትከሻቸው በላይ አየች። የመጨረሻው መስመር «ኦቶ» ይላል፤ 1938። የሃምቡርጉ ሰውዬ ራሱ፣ የተወለደ ጊዜ። ከእሱ በታች ነጭ ወረቀት ነው። ባሮነሷ መዳፋቸውን ዓመተ ምሕረቱ ላይ አሳረፉ። ጠጂቱም ወደ መስኮቱ ዞር አለች።

«እንግዲህ» አሉ ባሮነሷ ብዕራቸውን አንሥተው።

ጠጂቱ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ብዙ ልትናገር አስባ ነበር። «ስሙ ካሳዬ ይሁን» አለች ብቻ። «ለሰብስቤ።»

«ያምራል እማዬ» አለች ምሥራቅ፣ ጫማዋን እያየች።

ባሮነሷ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡና የመጀመሪያውን ፊደል በትልቁ ጻፉ። ሕፃኑ በጭብጨባው ደንግጦ አለቀሰ።

«አይዞህ ካሳዬ! ካሳዬ የኔ ጌታ!» አለች ጠጂቱ እያወዛወዘችው። ባሰበት።

«ካሳይ» አሉ ባሮነሷ በአገራቸው አነጋገር።

«ካሳዬ፣ እሽሽ» አለች ምሥራቅም፣ በአውቶቡስ የሰው ልጅ እንደምታባብል። ልጁ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ማንንም አያይም።

ማያ ብስኩቷን አስቀመጠች። የትልልቅ ሰዎች ሞኝነት የሰለቻት ትመስላለች።

«እዝራ» አለች። «እዝራ፣ እዚህ ነኝ።»

ልጁ ልቅሶውን ከመሃል ቆረጠው። አንገቱን ጠምዝዞ ድምፁን ፈለገ፤ አገኛት፤ በባዶ ድዱ ሳቀላት።

ጠጂቱ አልገረማትም፤ የገረማት አለመገረሟ ነው።

«እማዬ፣ የመንግሥት ፎርም አለ... በሠላሳ ቀን ውስጥ ስሙን ሙሉ ይላሉ...» ጀመረች ምሥራቅ። ሳትጨርሰው ተወችው።

ባሮነሷ መዳፋቸውን ከ1938 ላይ አነሡ። የጻፉትን ፊደል በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዙትና ማያን በጣታቸው ጠሯት።

«ነይ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ማያ ቀርባ ተራ በተራ ነገረቻቸው። በእንግሊዝኛ አራት ናቸው፤ ቶሎ አለቀ።