ልብስ ሰፊው እሺ ያለበት ሸክላ

ልብስ ሰፊው ሸክላዎቹን የደረደራቸው በዘፋኝ ስም አይደለም፤ እሱ የማንም ሰው አደራደር ነው። የእሱ መደርደሪያ በ«ሠርግ» ይጀምርና «ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ»፣ «ልጅቷ የተራመደች ቀን»፣ «አማቴ ለሳምንት መጥታ የከረመችበት ዓመት» እያለ ይወርዳል። ያስለመደችው ሟች ሚስቱ ናት። ቤት ውስጥ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር፣ ደስታም ይሁን መርዶ፣ ሮጣ ሸክላ ትገዛና ቀኑን ሙሉ እሱኑ ታጫውታለች። ትዝታ ማስቀመጫ ካላገኘ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተንከባሎ አልጋ ስር ይገባል ትል ነበር።

እውነትም አስቀመጠችው። ጣጣው የመጣው ማዋስ ሲጀመር ነው።

በመጀመሪያ የተዋሰው ፎቅ ላይ የሚኖረው ጥርስ ሐኪም ነበር። «ሠርግ»ን ወስዶ በማግስቱ ደረጃው ላይ ሲያገኘው የልብስ ሰፊውን እጅ ጨብጦ አልለቅም አለ። ዝናቡ ድንኳኑን እንዴት እንደጣለው፣ ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ በጭቃው ላይ እንዴት እንደጨፈረች እያነሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልብስ ሰፊው በጨዋ ደንብ አዳመጠው። እንዲያውም የማን ሠርግ እንደሆነ ሊጠይቀው ምንም አልቀረውም ነበር። ማግባቱን ያውቃል፤ ቀኑ ግን ከራሱ ላይ ተነስቶ ወደ ፎቅ ወጥቷል።

ሸክላው ተመልሶ ሲያጫውተው ሠርጉም ተመለሰ፤ እንደሄደ ግን አልተመለሰም። አሁን ሙሽራዋን ባሰበ ቁጥር ቀድማ የምትመጣው ከላይ በስተግራ ያለች የተቦረቦረች መንጋጋዋ ናት። ዕድሜ ልኩን አብሯት ሲኖር አይቷት አያውቅም። እንግዶቹም፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ነው የሚታዩት። የሰፈሩ ባለታክሲ ደግሞ የልጅቷን የመጀመሪያ እርምጃ ተውሶ ሲመልስ፣ ሕፃኗ ከሶፋው እስከ ጠረጴዛው የት ጋ እንደታጠፈችና በየት በኩል ብትሄድ ይቀርባት እንደነበር ጥርት ብሎ መጣ። ፊቷ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን መደርደሪያውን ቆልፎ ቁልፉን ይደብቅ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ሳይደግስ አይጣላም አለ። ያቺ መንጋጋ እኮ ድሮም እዚያው ነበረች፤ ያላያት እሱ ነው። የሰው ዓይን እሱ ያላየውን ካየለት፣ የሰው ጆሮስ እሱ ያልሰማውን ለምን አይሰማለትም?

ይህን ያሰበው በመደርደሪያው ጫፍ ላይ ስለቆመው፣ ስም ስላልወጣለት ሸክላ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ጠዋት ይህንኑ ሸክላ ራሷ ማጫወቻው ላይ አስቀምጣ፣ ለምርመራ ሐኪም ቤት ደርሳ ለምሳ ልትመለስ ወጣች። እሱ የእሷኑ ቀሚስ እየሰፋ ነበር። ከበር ላይ ዞር ብላ አንድ ነገር አለችው። ስፌት መኪናው ይጮኻል፣ ዘፈኑ ይጮኻል፤ ቀና ሳይል «እሺ» አላት። ለምሳ አልተመለሰችም። ከዚያም በኋላ አልተመለሰችም። እሺ ያለው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። ቀሚሱንም እንደተጀመረ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ጨርቅ ከጣለበት ወዲህ ገልጦት አያውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለጎረቤት ግን የሥጋ ዘመድ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ጎረቤቱን ሰፈሩ «አንቴና» ይላታል። በቧንቧው ድምፅ ብቻ ማን ሊታጠብ፣ ማን ሊያለቅስ መታጠቢያ ቤት እንደገባ ትለያለች። ልብስ ሰፊው ከእሷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሲፈራ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን በሯን አንኳኩቶ ሸክላውን በሁለት እጁ ዘረጋላትና፣ የሚፈልገው ከበር ላይ የተባለችውን አንዲት ነገር ብቻ መሆኑን አስረዳት።

«ቢሰበርብኝስ ጋሼ?» አለች።

«ከተሰበረ ያ ቀን የለም። ያ ቀን ከሌለ ደግሞ የምትመጣ እየመሰለኝ በር በሩን ሳይ እኖራለሁ። አደራሽን፣ እህቴ።»

ብዙም ሳይቆይ ዘፈኑ በግድግዳው በኩል ተሰማ። ልብስ ሰፊው የሸሚዝ ኮሌታ እየገጠመ ነበር፤ አብሮ ሊያንጎራጉር ሞክሮ የት እንደሚያውቀው ጠፋው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁለት ሳህን አወጣ። ሚስቱ ወጥታ የቀረችበት ቀን ከራሱ ላይ ስለሄደ፣ ለእሱ ገና አልቀረችም ነበር። ትንሽ ጠበቀና ደግሞ ተናደደ፤ ይቺ ሴት ሰዓት ማክበር መቼ ነው የምትለምደው እያለ አጉረመረመ።

በሩ ሲንኳኳ እሷ መስላው ዘሎ ተነሳ። አንቴና ሸክላውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እሷ ሆና በቀጥታ ወደ ነገሩ አትገባምና፣ መጀመሪያ ያን ቀን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የነበረውን አቧራ፣ ከዚያ ያልታጠበውን መጋረጃ አንስታ ወቀሰችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«‹የቀኙን እጅጌ በግራ በኩል ገጥመኸዋል። ስመለስ አስተካክለህ ጠብቀኝ› ነው ያሉት።»

«ማናት እንደዚያ ያለችው?»

«ባለቤትዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ስትመጣ ራሷ ትንገረኛ» አለ ልብስ ሰፊው። «ለምሳ እየጠበቅኳት ነው።»

አንቴና ሁለቱን ሳህኖች አየች። አልፋው ገባችና ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀምጣ መርፌውን አወረደችው።

ቀኑ ተመለሰ። መጀመሪያ አቧራው መጣ፣ ቀጥሎ መጋረጃው፣ ቀጥሎ ሚስቱ በሩን ይዛ ቆማ። ለካ ብዙ ቆማ ኖሯል። የእሱን የጎበጠ ጀርባ እያየች፣ ሳቋን እየዋጠች፣ ቀና ይል እንደሆነ ስትጠብቅ ቆይታ ነው የተናገረችው። ያ ጀርባ አሁንም ቀና አላለም። «እሺ» አለ። እሷም ሄደች።

ልብስ ሰፊው እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲወጣለት አንዱን ሳህን መልሶ፣ ከቀሚሱ ላይ ጨርቁን አነሳ። አንድ እጅጌ ብቻ የተገጠመለት ቀሚስ፣ እጅጌው ክርኑን ወደ ፊት አዙሮ ተንጠልጥሏል። ተለማማጅ እንኳ የማይሠራው ስህተት ነው። እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ እጅጌውን ተረተረ፤ በቦታው ገጠመው፤ የግራውንም ቆርጦ ጨመረለት። ስፌቱ የተጠናቀቀው ዘፈኑ አልቆ ሸክላው ባዶውን ሲሽከረከር ከቆየ በኋላ ነው።

አንቴና ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር እንጂ አልሄደችም።

«ሌላም ነገር ብለው ነበር» አለች እያመነታች። «የታች ጠርዙ ቅምቅማትም ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሏል ብለዋል። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው የዘለልኩት።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

«እሺ» አለ።