በምራቅ ያነሳኋቸው

ልጄ የምትሠራበትን ላቦራቶሪ የማጸዳው እኔ ነኝ። ያን ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በትልቁ ማይክሮስኮፕ የምታይበት ተራዋ ነበር። ተራ በሁለት ወር አንዴ ነው የሚደርሰው። ምስል ካላመጣች ጥናቱን ለባልደረባዋ እንደሚሰጥባት አለቃዋ ቁርጡን ነግሯታል።

ዝግጅቱን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከካርቦን የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን አልኮል ውስጥ ትበትናለች። ከዚያ አንዲት ጠብታ፣ ምስር በምታክል የመዳብ ወንፊት ላይ ታሳርፋለች። ወንፊቷ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን አላት፤ በወረንጦ እንጂ በእጅ አትነካም። አራት ወንፊቶች ክብ ወረቀት ላይ፣ በብርጭቆ ክዳን ሥር ተቀምጠው ይደርቁ ነበር።

ከክዳኑ አጠገብ በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት አለ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ለእኔ እንዲህ አድርጋ ነው የምትጽፈው። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያስኬድኩ አነበብኩት፦ «አትንኩ»። ያለ ማንም እርዳታ ነው ያነበብኩት። ደስ ብሎኝ ቀና ስል እጅጌዬ ክዳኑን ከነክብ ወረቀቱ ጎተተው። አራቱም ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ጣቴን በምራቅ አርሼ፣ የፈሰሰ ሰሊጥ እንደማነሳ አንድ በአንድ አነሳኋቸውና ክብ ወረቀቱ ላይ ደረደርኳቸው። ከደንኳቸው። ማንም የነካቸው አይመስልም። መወልወያዬን ይዤ ወለሉን መወልወል ቀጠልኩ።

ልጄ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በልቻለሁ አልኳት። ወረንጦዋን አንስታ አንደኛዋን ወደ ማይክሮስኮፑ ወደምትወስድበት ትንሽ ሣጥን አስገባች፤ ሁለተኛዋንም። ዝም ካልኩ፣ ምስሉ ሲበላሽ ጥፋቱን በገዛ እጇ ላይ ስትፈልግ ልትኖር ነው።

«ልጄ፣ ተያቸው። ወድቀውብኝ በምራቅ ነው ያነሳኋቸው» አልኳት።

ወረንጦው አየር ላይ ቀረ።

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

«አንዷን እንኳ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት፣ እማዬ» አለች። ቀልድ ነበር መሰለኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

የእጅ ወዝና ምራቅ የማይክሮስኮፑ ጨረር ሲያርፍባቸው ጠቁረው ሁሉን እንደሚሸፍኑ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳችኝ። ከዚያ ሁለት አዳዲስ ወንፊቶች አውጥታ ጠብታ አሳረፈችባቸው። በደንብ እንዲደርቁ ግን ሰዓቱ አልበቃም። የማይክሮስኮፑ ባለሙያ አያቸውና ገና እርጥብ ናቸው፣ እርጥብ ነገር ማሽኔ ውስጥ አላስገባም ብሎ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ።

አለቃዋ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩት።

«እርስዎን አልጠየቅኩም፣ እናቴ» አለኝ በትሕትና።

ልጄ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ነገረችው። ጥናቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ የባልደረባዋ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩን እየወለወልኩ በክፍት በሩ አየኋት። ባልደረባዋን አጠገቧ አስቀምጣ የወንፊቷን ጠርዝ እንዴት እንደሚይዝ ታሳየዋለች። ድምፅዋ ደህና ነበር። እንዳልረብሻቸው ባልዲዬን ወደ ሌላው ጫፍ ወሰድኩት።