ዕድሩ ጓዳ የገባ ዕለት

ማንያህልሻል በአሠሪዋ በጋሼ ሽፈራው ላይ ለዓመታት የያዘችው ቂም የፋን ቂም ነው። በሰው አገር፣ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚሉት ጎዳና ላይ ያለው ላውንደሪያቸው ጓዳ ውስጥ፣ ልብስ በኬሚካል የሚያጥበው ማሽን አናት ላይ፣ አየር መሳቢያው ፋን ከቆመ ቆየ። ስትነግራቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔን ምንም አይሸተኝም።» እንዴት ይሽተታቸው? የሚውሉት ፊት ለፊት፣ በሩ አጠገብ፣ ሽቷቸውን ተርከፍክፈው።

ዘንድሮ አብራት የምትሠራው ሃጀር አንገቷ ላይ ንፍፊት ወጣባት። ብርድ ነው ሲባል ከርሞ ሊምፎማ የሚሉት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ፣ «ምን እንዳመጣብሽ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ግን እንዲህ ያለ ኬሚካል ለዓመታት መተንፈስ አደጋውን ሊጨምር ይችላል» አላት። እሷ ሕክምና ስትጀምር ማንያህልሻል ከማሽኑ ጋር ብቻዋን ቀረች። ሥራ መሐል አንገቷን መዳበስ ልማድ ሆነባት።

«ጋሼ፣ ፋኑን ያሠሩት።»

«ደግሞ ዶክተር ሆንሽ?»

«የዕድር ዳኛ ነዎት። ለቀብሬ ከሚሯሯጡ ፋኑን ቢያሠሩ አይቀልዎትም?»

ሳቁና ሄዱ።

ዕድሩ የሚሰበሰበው እሁድ ከሰዓት፣ እዚያው ላውንደሪው ፊት ለፊት ክፍል ነው። ወንበር የምትደረድረውም ማንያህልሻል ናት። ያን እሁድ ቀደም ብላ መጣችና ማሽኑን አስነሳች፤ ወንበሩንም ሁሉ ጓዳ አስገብታ ዙሪያውን ደረደረችው። አባላቱ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ገብተው ተቀመጡ።

«ማነው እዚህ ያጎረን?» አሉ ጋሼ ሽፈራው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው።

«እኔ። እርስዎን አይሸትዎትም ብዬ ነው።»

ከከተማው ወጣ ካለው ከሉዊስ ሴንተር ድረስ የመጣው አባል፣ ዳኛቸው የሚባለው፣ ዓይኑን እያሸ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ስብሰባ ረግጦ የወጣ መቀጮ አለበት» አለችው። «ሕጉን ያወጡት ጋሼ ናቸው።»

ሌላዋ አባል ሔዋን በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ጋሼ፣ ሃጀር የምትውለው እዚህ ነበር እንዴ?»

ጋሼ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደ አጀንዳው እንግባ።»

«ገብተናል» አለች ማንያህልሻል። «አጀንዳው ፋኑ ነው።»

«እሺ፣ ነገ ፋን ጠጋኙን ኮል አደርጋለሁ።»

«ነገማ እነዚህ ሁሉ ምስክሮች የሉም።»

ዳኛቸው ትንፋሹን እንደያዘ፣ ዛሬውኑ ይደወል ብሎ እጁን አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ማንያህልሻል ማሽኑን አጠፋችና አባላቱን በጓሮ በር አስወጣቻቸው። ጋሼ ሽፈራው ሊከተሉ ሲነሱ ግን መልሳ አስቀመጠቻቸውና ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ የጠጋኙን ቁጥር ደውላ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጉልበታቸው ላይ አኖረችው።