በሰልማ ካርድ የገቡት

ዘምዘም ስሟ የዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያየችው ከቤተሰቦቿ ቀዬ ከሶፊ ሻንጣዋን እየጎተተች በተመለሰች ጠዋት ነው። «ዶርም የሚለቁ ተማሪዎች» ይላል። አብረዋት የሚያጠኑት የረሂማና የነጂባ ስምም ከስሟ ስር ተደርድሯል። አራተኛዋ ሰልማ ግን እዚያው ሰሌዳ ላይ «የዓመቱ ትጉህ አንባቢ» ተብላ ፎቶዋ ተሰቅሏል።

«አቦ፣ እኔ?» አለች ሰልማ፣ እያፈረች። «ላይብረሪ ገብቼ የምተኛዋ እኔ?»

ዘምዘም አልሳቀችም። የላብራቶሪው ትምህርት ማታ ሲያልቅ ከኤረር በር ወደ ሶፊ የሚሄድ መኪና አይገኝም። ዶርም ከሌለ ትምህርት የለም። አጎቷ ሰዒድ ደግሞ «ሴት ልጅ አትላኩ አላልኩም?» ለማለት ዓመቱን ሙሉ አፉን አሹሎ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሻንጣዋን እንደያዘች መረጃ ክፍል ገባች። ኃላፊው አቶ ሀብተወልድ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር ሳቡላት፤ ይህም አናደዳት።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉና ስክሪኑን አዞሩላት። «ሬጅስትራር ውጤት ይልካል፤ ላይብረሪው በሩ ላይ ካርድ ያስነካውን ሁሉ ይልካል። ሲስተሙ ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቦ ያነጻጽራል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጠዋት ሲከፍቱት ቀለሙን ያያሉ። አረንጓዴ ደህና ነው። ቀይ ከሆነ ዶርሙ ለሌላ ይሰጣል።»

«እኔ ለምን ቀላሁ?»

«ላይብረሪ ገብተሽ አታውቂም።»

«ውጤቴስ?»

«ውጤትሽማ ጥሩ ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያባሰውም እሱ ነው። ሳያነብ ከፍተኛ ውጤት ያመጣውን ሲስተሙ ‹የኩረጃ ጥርጣሬ› ይለዋል።»

የዘምዘም ጆሮዎች ጋሉ።

«ማነው ሲስተሙ? የማን ልጅ ነው? ሌባ ያለኝን ሰው ፊቱን ልየው።»

«ሰው አይደለም እኮ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይበቁኛል። ይነሱ፣ ላይብረሪው በር ጋ እንሂድ።»

ድምጿ ኮሪደሩን ስለሞላው ይሁን ሰው ስለተሰበሰበ፣ ተነሱ።

ላይብረሪው በር ላይ ሰልማ፣ ረሂማና ነጂባ ደርሰው ነበር። ሰልማ ካርዷን አስነካች፤ በሩ ሲከፈት በትከሻዋ ደግፋ ያዘችው። ከኋላዋ ትልቅ ሰው ቆሞ በር መልቀቅ እናቷ ቤት የሚያስቆጣ ነውር ነው።

«ይግቡ ጋሼ።»

«ተባረኪ» ብለው ገቡ። ረሂማና ነጂባ ተከተሉ። ዘበኛው እንኳ «ቶሎ ቶሎ በሉ» አለ እንጂ ማንንም አልጠየቀም። ዘምዘም መጨረሻ ገባች።

«አሁን የት ነዎት?» አለቻቸው።

«ላይብረሪ ነዋ።»

«የሉም። ሲስተምዎ ዘንድ የገባችው ሰልማ ብቻ ናት። እኛም ዓመቱን ሙሉ የገባነው እንዲሁ ነው። እርስዎ ሲገቡ ጨዋነት፣ እኛ ስንገባ ኩረጃ?»

አቶ ሀብተወልድ በሩን አዩት። ከዚያ ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የራሳቸውን ካርድ አዩ።

«እሺ፣ ያንቺን በእጅ አስተካክለዋለሁ። ዛሬውኑ ዶርምሽ ትመለሻለሽ። ሁለቱ ግን አቤቱታ ያስገቡ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይጣራል።»

«አንቺ ተመለሽ» አለች ረሂማ ቀስ ብላ። «እኛ አላህ ያውቃል።»

ሲስተሙ ካላት ይልቅ ይህ አቃጠላት። እሳቸው በዓይናቸው አይተው፣ በእግራቸው ገብተው፣ አሁንም ከቀለሙ ጋር ሊማከሩ ነው።

«ወላሂ ብቻዬን አልመለስም» አለች።

ሻንጣዋን እየጎተተች ተመልሳ የመረጃ ክፍሉ በር ላይ አጋደመችው፤ ራሷም ላዩ ላይ ተቀመጠች። ረሂማና ነጂባ የየራሳቸውን አምጥተው ከጎኗ ደረደሩ። ሰልማ ፎቶዋን ከሰሌዳው ገንጥላ መጣችና «ይቺንም ደርቡበት» ብላ ወረወረቻት።

አቶ ሀብተወልድ ተከትለው መጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ውስጥ ስልካቸው ይጮሃል።

«ልጄ፣ እኔ በየት ልግባ?»

ዘምዘም ደረታቸውን በአገጯ አመለከተች።

«ካርድ አለዎት አይደል? ያስነኩ።»