ዱላው ድንጋዩ ላይ የለም

ጌታነሽ ሰው አትቆጥርም። ጓሳ ላይ ሰው የሚቆጥር የለም፤ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር ወረደበት ሲባል እየሰማ ያደገ አገር ነው። እሳት ሲነሳ ግን ማን ገባ፣ ማን ወጣ መታወቅ አለበትና ሰዉ ቀርቶ ዱላው ይቆጠራል። ወደ እሳቱ የሚገባ ሁሉ ዱላውን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አኑሮ ይሄዳል፤ ሲወጣ በገዛ እጁ ያነሳል። የሌላ ሰው ዱላ ማንሳት ነውር ነው። ዱላው ድንጋዩ ላይ ካለ ባለቤቱ ገና እሳቱ ዘንድ ነው፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

የድንጋዩ ጠባቂ እሷ ናት። ባሏ ሲሞት ሥራው ለእሷ ቀረ። ስድሳ ሊሞላት ነው፤ ነገር ግን የትኛው ዱላ የማን እንደሆነ ጨለማ ውስጥ ዳስሳ ትነግርሃለች።

በዚያ የመጋቢት ቀን እሳቱ የተነሳው ረፋድ ላይ ነው። ሣሩ ደርቆ ክብሪት ሲጠብቅ የከረመ ነበር። ሠላሳ አንድ ዱላ ድንጋዩ ላይ ተኛ። መጨረሻ ያኖረው ወዳጆ ነው፤ የወይራ ዱላ፣ ራሱ ላይ የጥይት ቀለሃ የተሰካበት፣ ፀሐይ ሲያገኘው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ።

«አደራ እትዬ ጌታነሽ፤ ከሚስቴ ይልቅ እሱን ነው የምወደው» አላት።

«ቆይ፣ ለይመኙሻል ባልነግርልህ!»

ሳቀና እሳት መምቻ እርጥብ የአስታ ቅርንጫፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ወረደ።

የጓሳው ሣር ጥበቃዎች አለቃ በኃይሉ ሰዉን ሦስት ቦታ ከፈለው። ዋናውን ቡድን ሸለቆው አፍ ላይ አቆመ፤ ነፋሱ ከዞረ እሳቱ የሚያመልጠው በዚያ ነውና። «ብቻውን የሚቆም እንዳይኖር፤ ጎኑ ያለውን ሰው ያጣ ይጩህ» አለ። ይኸው ነው ትእዛዙ። ስምንት ሰዓት ሲሆን እሳቱ ጉልበቱ ከድቶት ነበር። ግማሹን ጓሳ አትርፈውታል።

ይኼኔ ነው የመንግሥት መኪና የመጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። የአደጋ አስተባባሪ ነኝ ያለው አፈወርቅ ወረደ፤ የለበሰው ቢጫ ሰደርያ ከፌስታል የወጣበት እጥፋት እንኳ አልለቀቀም። በአንድ እጁ ድምፅ ማጉያ ይዟል። ሾፌሩ ደግሞ ስልኩን ደግኖ ይከተለዋል፤ ፎቶ አንሺ መሆኑ ነው።

«ከአሁን ጀምሮ ትእዛዝ የምሰጠው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

በኃይሉ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «ጌታዬ፣ ሸለቆውን የያዙ ልጆች አሉ። እነሱ ካልተነሱ ሌላው ምንም አይደል።»

«አንተ ማነህ?»

«ጥበቃ ነኝ።»

«እንግዲያው ጠብቅ!» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ በማጉያው ሁሉም ሰው ወጥቶ እንዲሰለፍ አዘዘ። ለምን? ለፎቶ! እሳቱ ሳይጠፋ፣ ሸለቆው ሳይዘጋ፣ ለፎቶ! ሰዉም ትእዛዝ ነው ብሎ፣ ፊቱ ጠልሸት ለብሶ፣ እየሳለ መውጣት ጀመረ።

አፈወርቅ ድንጋዩ ጋ ደረሰ። «አንቺ፣ ይኼ የእንጨት ገበያ ምንድን ነው?»

አንቺ! እናቱን የምታህለውን ሴት። ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። «ዱላው ያለ ሰው ውስጥ ነው ጌታዬ። እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።»

«በዚህ ዘመን በዱላ? ይልቅ ሂጂና ውሃ ቅጂ፤ ሰዉ ተጠምቷል።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ባሏ ቢሆን አይነሳም ነበር፤ ዝናብም በረዶም ቢወርድ አይነሳም ነበር። እሷ ግን ጀሪካኑን አንስታ ወደ ምንጩ ሄደች። ሹም ፊት ብድግ ማለት የለመደ ጉልበት፣ እርም ይሁን!

ስትመለስ ድንጋዩ ባዶ ነው። ሰዉ ዱላውን ይዞ ሜዳው ላይ ቆሟል። ነፋሱ ዞሮ ከወደ ሸለቆው ጥቁር ጭስ ይተናል።

«ሁሉም አነሳ?» ብሎ በኃይሉ ጠየቃት። «ወዳጆን አላየሁትም።»

«ድንጋዩ ላይ ምንም የለም» አለች። «በወዲያ በኩል ወደ ቤቱ ወርዶ ይሆናል።»

በኃይሉም አመነ። ድንጋዩ ዋሽቶ አያውቅማ።

አፈወርቅ በስልክ ሪፖርቱን ያቀርባል። «በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። አዎ፣ ሁሉም ተረጋግጧል። በአመራሩ ቅንጅት...» የሠላሳ አንድ ሰው ላብ በአንድ አፍ ሲዋጥ እያየች ጌታነሽ ምራቋ መረራት። ስልኩን ዘጋና የተቃጠለውን ሜዳ ከኋላው አድርጎ ቆመ፤ ደረቱን ነፋ፣ አንድ እግሩን አስቀደመ። ዱላም ተደግፏል። የዱላው ራስ ፀሐይ አግኝቶት ብልጭ አለ።

ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ።

«ይኼን ከየት አመጡት?»

«ከዚያ ድንጋይ ላይ ነዋ። ለፎቶ ያምራል። ምን አለበት፣ እንጨት አይደለም እንዴ?»

«ወዳጆ!» ስትል በኃይሉ ጨርሳ እስክትናገር አልጠበቀም። የራሱን ዱላ ወርውሮ ወደ ሸለቆው ሮጠ፤ ሰዉም ተከተለው። እሷም እየወደቀች እየተነሳች ደረሰች።

ከሸለቆው ጥምዝ ወዲያ፣ ማጉያው የማይሰማበት ቦታ፣ ረግረጉ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። ጎኑ የነበሩት ሲጠሩ ይከተለናል ብለው ወጥተዋል፤ እሱን የጠራው የለም። ቅርንጫፉን እንደጨበጠ ነው። እሳቱ እንኳ አልነካውም፤ ጭሱ ነው የጨረሰው። ጌታነሽ አንገቱን ዳሰሰች። ገና አልቀዘቀዘም። ሪፖርቱ ሲነገር፣ ለፎቶ ደረት ሲነፋ፣ ይኼ ሰው ይተነፍስ ነበር።

ወንዶቹ በጋቢ ጠቅልለው ሲያነሱት እሷ ቀድማ ወጣች። አፈወርቅ ከነዱላው እዚያው ቆሟል። ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ አፉ ግን አላረፈም።

«ሪፖርቱ እኮ ሄዷል... ለመሆኑ ልብ ድካም አልነበረበትም? ከእሳቱ ጋር ባናያይዘው...»

በዕድሜዋ ብዙ ነገር አሽትታለች፤ የሞተ በግ፣ የረጋ ኩሬ። እንደዚህ የከረፋት ግን የለም። «እንትፍ!» አለች፤ ከእግሩ ሥር።

በታች በኩል ይመኙሻል የገብስ ዳቦ በአገልግል ይዛ ብቅ አለች። እሳት ባለበት ቀን ሚስት ሁሉ እንደምታደርገው አስቀድማ ወደ ድንጋዩ ሄደች። አየችው። ባዶ ነው።

«ተመስገን!» አለች፤ አገልግሉን አስቀምጣ መሬቱን ሳመች። «ወጥቷላ የኔው! የት አለ?»

አፈወርቅ ዱላውን ለሾፌሩ ሊያቀብል እጁን ዘረጋ። ሾፌሩ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

ይመኙሻል ቀለሃውን አየችው። ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣ «ይኼ የወዳጆ አይደለም እንዴ?» አለች።

ጌታነሽ ቀኑን ሙሉ እርስዎ ስትለው ወደ ዋለችው ሰው ዞረች።

«ንገራት እንጂ» አለችው። «አዛዡ አንተ አይደለህ?»